የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የአርቪ መሰላል፣ የአሠራር ጥራትና የዋስትና ጉዳይ

በአሜሪካ ከሚኖሩ አንባብያን በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ስለ አርቪ፣ ማለትም በውስጡ መኖሪያ ስለተሠራለት የጉዞ ተሽከርካሪ የሚጠይቁ ናቸው። በራሱ ሞተር የሚሄደው ሞተርሆምም ሆነ በፒካፕ የሚጎተተው ተሳቢ የአንድን ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የጠያቂዎቹን ጭንቀት እንረዳለን። የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ የሰጠነውም ስለዚህ ነው። መልሶቻችን ጠቅላላ ግንዛቤ የሚሰጡ በመሆናቸው፣ በእጃችሁ ያለው የዋስትና ሰነድና የምትኖሩበት ግዛት ሕግ የሚለውን ጎን ለጎን ማየት የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አዲስ ተሳቢ አርቪ ገዛን። ከኋላ ግድግዳው ላይ የተገጠመው የጣሪያ መሰላል በላይኛው በኩል ከግድግዳው እየለቀቀ መጥቷል፤ ስወጣበትም ይወዛወዛል። ብሎኖቹ ባሉበት አካባቢ ግድግዳው በጥቂቱ ያበጠ ይመስላል። ወደሸጠልን ድርጅት ብንወስደው «ማሸጊያውን እየተከታተሉ ማደስ የባለቤቱ ኃላፊነት ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም» ብለው መለሱን። የዋስትናው ዘመን ሊያበቃ የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው። ብሎኖቹን ራሴ ባጠብቃቸው ይሻላል ወይስ መከራከር ይገባናል?
አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ማንም ሰው በዚያ መሰላል እንዳይወጣ ያድርጉ። የተሳቢ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ከ10 እስከ 11 ጫማ፣ በትልልቆቹ ደግሞ ከ12 ጫማ በላይ ከፍታ አለው፤ ከዚያ መውደቅ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ብሎኖቹንም አያጥብቋቸው። ለምን እንዲህ እንዳልን ለመረዳት ግድግዳው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የብዙዎቹ ዘመናዊ ተሳቢዎች ግድግዳ በሙጫ ከተጣበቁ ንብርብሮች የተሠራ ነው፦ ከውጭ ስስ የፋይበርግላስ ገጽ፣ ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ፣ በመካከል የአሉሚኒየም ክፈፍና ፎም፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ስስ ገበታ። መሰላሉ ራሱ ከአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ ቀላል ነገር ሲሆን፣ የሚወጣበትን ሰው ክብደት የሚሸከሙት በየእግሩ የገቡት ጥቂት ብሎኖች ናቸው። እነዚህ ብሎኖች አስተማማኝ የሚሆኑት ከፋይበርግላሱ በስተጀርባ ሆን ተብሎ በተቀመጠ ደጋፊ እንጨት ወይም ብረት ውስጥ ከገቡ ነው። ፋብሪካው ያን ድጋፍ ሳያስቀምጥ ከቀረ፣ ወይም የገጠመው ሠራተኛ ድጋፉን ስቶ ከጎኑ ከበሳ፣ ብሎኑ የሚይዘው ያን ስስ ፕላይውድ ብቻ ይሆናል። ሰው በወጣ ቁጥር የላይኛው እግር ወደ ውጭ ይሳባል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ በዙሪያው ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቅና ውሃ መግቢያ ያገኛል። ያዩት እብጠት የፋይበርግላሱ ገጽ በእርጥበት ምክንያት ከፕላይውዱ መላቀቅ መጀመሩን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ይህ መላቀቅ ከተስፋፋ መላውን የኋላ ግድግዳ እስከ መቀየር ስለሚያደርስ፣ እኛን ከመሰላሉ ይልቅ የሚያሳስቡን ቀዳዳዎቹ ናቸው። በራሰ ፕላይውድ ውስጥ ያለ ብሎን ሲጠብቅ እንጨቱን እየፈጨ ይዞራል እንጂ አይነክስም፤ በዚያ ላይ ፋብሪካው እንዴት እንደገጠመው የሚያሳየውን ማስረጃ ያጠፋብዎታል።

ሻጩ የነገራችሁ ነገር በከፊል እውነት ነው። አብዛኞቹ የዋስትና ሰነዶች ማሸጊያን የመከታተልና የማደስ ሥራ በባለቤቱ ላይ ይጥላሉ፤ አንዳንድ መመሪያዎች እንዲያውም በየ90 ቀኑ ጣሪያውና መጋጠሚያዎቹ እንዲፈተሹ ያዛሉ። ስለዚህ መቼ እንደፈተሻችሁ የሚያሳይ ማስታወሻ፣ ፎቶግራፍ ወይም የማሸጊያ መግዣ ደረሰኝ ካላችሁ አሁኑኑ ሰብስቡት። ይሁን እንጂ በእናንተ ጉዳይ መመለስ ያለበት ጥያቄ የትኛው ቀድሞ መጣ የሚለው ነው። ብሎኑ ከመጀመሪያው የሚነክሰው ነገር ካልነበረው፣ የማሸጊያው መሰንጠቅ የመሰላሉ መንቀሳቀስ ውጤት ነው፤ መንስኤው የአሠራር ጉድለት ይሆናል። የአሠራር ጉድለትና የዕቃ ጉድለት ደግሞ የፋብሪካ ዋስትና በመጀመሪያው አንቀጹ የሚሸፍናቸው ነገሮች ናቸው። በመሆኑም ሻጩ የላይኛውን እግር ፈትቶ ብሎኑ ምን እንደያዘ በፎቶግራፍ እንዲያሳያችሁና የግድግዳውን እርጥበት በእርጥበት መለኪያ ለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ፣ ለአርቪ መርማሪዎች የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ብሔራዊ ማኅበር በአሜሪካ ስላለ፣ ከዚያ የተመሰከረለት ገለልተኛ መርማሪ ቀጥሩ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከግድግዳው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ለአምራቹ በቀጥታ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋስትናውን የሰጠው አምራቹ ሆኖ ሳለ ሻጩ «አይሸፈንም» ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ በስልክ የተነገረ አቤቱታ ከሁለት ወር በኋላ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። በደብዳቤያችሁ የተሽከርካሪውን መለያ ቁጥር፣ የገዛችሁበትን ቀን፣ ጉድለቱን መጀመሪያ ያያችሁበትን ቀን፣ ለሻጩ ያመለከታችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ ጥቀሱ፤ ፎቶግራፎቹን አያይዙ፤ የምትፈልጉትንም በግልጽ አስቀምጡ። በኢሜይል ከመላክ በተጨማሪ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ የአደራ ደብዳቤ ላኩት። ጥገናው ከጊዜው ቢያልፍ እንኳ፣ ጉድለቱ በዋስትናው ዘመን ውስጥ መታየቱንና መነገሩን ማስረዳት የምትችሉት በዚህ ወረቀት ነው። ሻጩ ለጥገና በተቀበላችሁ ቁጥርም የምትፈርሙበት የሥራ ማዘዣ ላይ የመሰላሉ ጉዳይ በስሙ መጻፉን ሳታረጋግጡ አትውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት እናንተው መርምሩ። በመሰላሉ ላይ ብስክሌት፣ ወንበር ወይም ሌላ ጭነት አንጠልጥላችሁ ተጉዛችሁ ከሆነ መመሪያው ስለዚህ ምን እንደሚል አንብቡ። መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ ጭነት በመሰላሉ እግሮች ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ቆሞ ከሚለካው ክብደቱ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ብዙ አምራቾች ይህን ይከለክላሉ፤ አቤቱታውንም ውድቅ የሚያደርጉበት የመጀመሪያው ምክንያት እርሱ ነው።

ጥገናው ሲፈቀድ በአግባቡ መሠራቱን ተከታተሉ። የረጠበው ክፍል ሳይደርቅ ወይም ሳይቆረጥ አዲስ ማሸጊያ መቀባት ውሃውን ከውስጥ ማፈን ነው። ብሎኑ የሚገባበት ድጋፍ መኖር አለበት፤ ከመሰላሉ እግር ሥር ቡቲል የሚባለው የማይደርቅ ማሸጊያ ቴፕ መነጠፍ አለበት፤ ከላይ ደግሞ ለጣሪያው ዓይነት የሚስማማ የአርቪ ማሸጊያ ይደረጋል። ተራ ሲሊኮን አይፍቀዱ፤ ምክንያቱም ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅም። ጣሪያችሁ ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከነዳጅ ዘር የሆነ ማጽጃ ያሳብጠዋልና አይነካው።

መሰላሉ በጉዞ ላይ ተገንጥሎ ቢወድቅ ከኋላ ለሚመጣው መኪና አደጋ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንኤችቲኤስኤ ለሚባለው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ማመልከቻው በነጻ ነው። ተመሳሳይ አቤቱታዎች ሲበዙ መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ሊከፍት፣ አምራቹም ለጥገና ጥሪ እንዲያወጣ ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፦ በአርቪያችን በር አጠገብ የአርቪ ኢንዱስትሪ ማኅበር ምልክት ተለጥፏል። ሻጩ ይህን እያሳየ ጥራቱ የተረጋገጠ ነው ቢለንም፣ በመጀመሪያው ጉዞ የቁምሳጥን በር ወለቀ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ውሃ አፈሰሰ፣ የጣሪያው ማሸጊያም በአንድ ቦታ ጨርሶ አልተደረገም። አዲስ ዕቃ እንዴት እንዲህ ይሆናል? የበለጠ ውድ የሆነውን ብንገዛ ይሻለን ነበር?
አንባቢ፣ ከጆርጂያ

መልስ፦ ምልክቱ የሚለው ሻጩ ካለው ያነሰ ነው። አምራቹ ለእሳት፣ ለጋዝ፣ ለውሃ መስመርና ለኤሌክትሪክ የወጡትን የደኅንነት ደረጃዎች፣ በተለይም ኤንኤፍፒኤ 1192 የተባለውን፣ ተከትሎ መሥራቱን ያመለክታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም የቁምሳጥኑ በር ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ወይም የመሰላሉ ብሎን ድጋፍ ማግኘቱን አይመሰክርም።

በአሜሪካ የሚሠሩት አርቪዎች አብዛኞቹ የሚወጡት ከሰሜን ኢንዲያና፣ በዋናነትም ከኤልክሃርት አውራጃ ነው። ሥራው እንደ መኪና ፋብሪካ በሮቦት የሚከናወን ሳይሆን፣ እንጨት እየቆረጡ፣ ሽቦ እየዘረጉ፣ በስቴፕልና በብሎን እያያያዙ በእጅ የሚሠራ ነው። በዚያ አካባቢ ባሉ ብዙ ፋብሪካዎች የሠራተኛው ክፍያ በተጠናቀቀ ሥራ ቁጥር ስለሚታሰብ ፍጥነት ይሸለማል፤ ችኮላው ደግሞ ገዢው ዘንድ ይደርሳል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ፍላጎቱ አለመጠን ሲያድግ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ600,000 በላይ አርቪዎች ከፋብሪካ ወጡ፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 313,000 ገደማ ወረደ። በግርግሩ ዘመን የተሠራ ሁለተኛ እጅ አርቪ የሚገዛ ሰው ይህን አስቦ አጥብቆ ቢመረምር መልካም ነው።

ስለ ውድነቱ የሚከተለውን እንላለን። በገበያ ላይ ያሉት ስሞች ብዙ ቢሆኑም፣ አብዛኛው ምርት ከሦስት ኩባንያዎች እጅ ነው፦ ቶር ኢንዱስትሪስ፣ ከ2005 ጀምሮ የበርክሻየር ሃታዌይ ንብረት የሆነው ፎረስት ሪቨር፣ እና ዊኔቤጎ ኢንዱስትሪስ። ለምሳሌ ኤርስትሪም ከ1980፣ ጄይኮ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የቶር ናቸው። ፍሪጁ፣ ማሞቂያው፣ አክሰሉና መስኮቱ በርካሹም በውዱም ከጥቂት ተመሳሳይ አቅራቢዎች ይመጣል። በተጨመረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገዛው የተሻለ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥንና የድንጋይ ጠረጴዛ ነው። ገንዘብ መጨመር ካለባችሁ ለማይታየው ክፍል ይሁን፦ ለጣሪያው ዓይነት፣ ለግድግዳው ክፈፍ፣ ለሻንሲው የመሸከም አቅምና ለረዘመ ዋስትና። የቤቱ ክፍል ዋስትና በብዙዎቹ ዘንድ 1 ዓመት ሲሆን፣ 2 ዓመት የሚሰጡም አሉ፤ አንዳንዶቹ ለዋናው አካል እስከ 3 ዓመት ያራዝማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከመፈረም በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሻጩ «ቀን ተይዟል፣ ደንበኛ ይጠብቃል» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ውሃውን፣ ጋዙን፣ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን ሁሉ አስነሱ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ማሸጊያ ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ፤ መሰላሉን መሬት ላይ ቆማችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡትና እግሮቹ ከግድግዳው ሲንቀሳቀሱ እንደሆነ እዩ፤ ከመሰላሉ ትይዩ በውስጥ በኩል ያለውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱ። ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ አስጽፉ፤ ተጠግኖ ካላያችሁም አትረከቡ። ገንዘቡ በእጃችሁ እስካለ ድረስ ሻጩ ፈጥኖ ይሠራል፤ ከፈረማችሁ በኋላ ግን ተራ ጠባቂ ትሆናላችሁ።

ጥያቄ፦ ሞተርሆማችን መለዋወጫ ይጠበቃል እየተባለ ጋራዥ ከገባ ወራት አልፈዋል። የባንክ ክፍያው ግን አልቆመም። ሌላ ከተማ ያለ ሻጭ «እኛ ስላልሸጥንላችሁ አንቀበልም» አለን። ጉድለቱ በተደጋጋሚ ያልተጠገነ አዲስ መኪና እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የሚያዘው ሌመን ሎው የተባለው ሕግ ለእኛ አይሠራም?
አንባቢ፣ ከቴክሳስ

መልስ፦ እርስዎ በሚኖሩበት ግዛት ይሠራል፤ ይህም ዕድል ነው። የቴክሳስ ሕግ ሞተርሆምንም ተሳቢ አርቪንም ይጨምራል፤ አቤቱታውም የሚቀርበው ለግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ በዋስትና በሚሸፈን ከባድ ጉድለት ምክንያት ተሽከርካሪው ምትክ ሳይሰጥዎ በመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ወይም 24,000 ማይል ውስጥ በድምሩ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑ ነው። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። የማመልከቻው ጊዜ የተወሰነና ጥብቅ ስለሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ መምሪያውን ይጠይቁ። ጋራዥ የገባበትንና የወጣበትን ቀን የሚያሳዩት የሥራ ማዘዣዎች በሙሉ ያስፈልጉዎታል።

በሌሎች ግዛቶች ነገሩ እንዲህ አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ ከሞተርሆም የሚሸፍነው በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ሻንሲ ነው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ የጻፉልን አንባቢ ተሳቢ በዚህ አይሸፈንም። በኢንዲያና፣ አብዛኞቹ አርቪዎች በሚሠሩበት በዚያው ግዛት፣ ሕጉ አርቪን አይጨምርም። ይህ እኛን በጣም ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ብዙ የዋስትና ሰነዶች ክርክር ቢነሳ የሚታየው በኢንዲያና ፍርድ ቤትና በኢንዲያና ሕግ ነው የሚል አንቀጽ አላቸው።

ለሁሉም ግዛት ነዋሪ የሚያገለግለው ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ በ1975 የወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ ነው። ሕጉ ማንም ዋስትና እንዲሰጥ አያስገድድም፤ በጽሑፍ የሰጠ ግን ቃሉን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ከረታችሁ ፍርድ ቤቱ የጠበቃችሁን ወጪ ተከሳሹ እንዲከፍል ሊወስን ስለሚችል፣ በዚህ ሕግ የሚሠሩ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ከደንበኛው አስቀድመው ገንዘብ አይጠይቁም። በተጨማሪም አምራቹ በነጻ ካላቀረበላችሁ በስተቀር «ዘይት ያስቀየርከው ወይም ማሸጊያ ያስደረግኸው በእኛ ሻጭ ስላልሆነ ዋስትናህ ፈርሷል» ሊል እንደማይችል ይደነግጋል።

አንድ ሞተርሆም አንድ ዋስትና ብቻ ያለው እንዳይመስልዎ። ሞተሩና ሻንሲው የፎርድ ወይም የፍሬይትላይነር ሊሆን ይችላል፤ ፍሪጁና ማሞቂያው የየራሳቸው አምራች ዋስትና አላቸው፤ የቤቱ ክፍል ብቻ ነው የአርቪ አምራቹ። የሚጠበቀው መለዋወጫ የሻንሲው ከሆነ የጭነት መኪና ጋራዥ ሊሠራው ይችላል፤ የፍሪጁ ከሆነ ከፍሪጁ አምራች ጋር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቴክኒሻን ቤትዎ ድረስ መጥቶ ሊጠግን ይችላል። ሌላው ሻጭ አልቀበልም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ለዋስትና ሥራ ከአምራቹ የሚከፈለው ገንዘብና ሰዓት አነስተኛ ስለሆነ የራሱን ደንበኞች ያስቀድማል። ስለዚህ ለአምራቹ ጽፈው ወይ ሌላ ጋራዥ እንዲመድብ፣ ወይ ለገለልተኛ ቴክኒሻን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

የባንኩን ክፍያ ግን ያለ ጠበቃ ምክር እንዳያቋርጡ። በሻጩ በኩል የተገኘ ብድር ከሆነ፣ ገዢው በሻጩ ላይ ያለውን ክርክር በአበዳሪው ላይም እንዲያነሳ የሚፈቅድ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ። ቢሆንም በገዛ ፈቃድ ማቆም የብድር ታሪክን ያበላሻል፤ አርቪውንም ሊያስወስድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 120 ኪሎ ነው። በተገጠመው መሰላል ወጥቼ ጣሪያ ማጽዳት እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከኮሎራዶ

መልስ፦ በመሰላሉ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ሳያዩ አይውጡ። ብዙ የአርቪ መሰላሎች የሚፈቅዱት እስከ 250 ፓውንድ፣ ማለትም 113 ኪሎ ያህል ነው፤ የሚይዙት ዕቃም ከዚሁ ይታሰባል። ለእርስዎ የሚሻለው ከአርቪው ጋር ያልተገጠመ፣ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ መሰላል መግዛት ነው። በአሜሪካ ደረጃ ዓይነት 1ኤ የሚባለው 300 ፓውንድ፣ 1ኤኤ ደግሞ 375 ፓውንድ ይችላል። ከጣሪያው ጠርዝ 3 ጫማ አልፎ እንዲቆምና ለየ4 ጫማ ከፍታ እግሩ 1 ጫማ ከግድግዳው እንዲርቅ ያድርጉ። ጣሪያው ሰው የሚሸከም መሆኑንም ከመመሪያው ያረጋግጡ፤ ፋብሪካው መሰላል ያልገጠመላቸው አንዳንድ አርቪዎች ጣሪያ ለመራመጃ የተሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ እጅ አርቪ ገዝተን በማንጠቀምበት ጊዜ ለማከራየት አስበናል። የቀድሞው ባለቤት ዋስትና ወደ እኛ ይተላለፋል?
አንባቢ፣ ከካሊፎርኒያ

መልስ፦ በሰነዱ ላይ የተመሠረተ ነው። አንዳንዱ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የሚሠራ ነው፤ አንዳንዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቅጽ ተሞልቶ ሲላክ ይተላለፋል። ማከራየቱን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ዋስትናዎች ለንግድ የዋለን ወይም እንደ ቋሚ መኖሪያ የሚያገለግልን አርቪ ከሽፋን ያስወጣሉ። የግል ኢንሹራንስም እንዲሁ ያደርጋልና ከመጀመሪያው ተከራይ በፊት ሁለቱንም አስጠይቁ። መሰላሉን ለተከራይ አትተዉለት፤ የሚዘጋ ሽፋን ወይም ሰሌዳ በታችኛው ክፍል ላይ ይደረግበት።

ዋስትናው ባይተላለፍም የደኅንነት ጥሪ ከተሽከርካሪው ጋር ይሄዳል። ጥሪ የወጣበት ጉድለት ባለቤቱ ማንም ቢሆን በነጻ ይጠገናል፤ ነጻ የመሆን ግዴታው ጥሪው ሲወጣ መጀመሪያ ከተሸጡ 15 ዓመት ያላለፋቸውን የሚመለከት ነው። የመለያ ቁጥሩን በኤንኤችቲኤስኤ መፈለጊያ ላይ አስገቡ። ሞተርሆም ከሆነ ግን በዚህ ብቻ አትርኩ፤ የሻንሲው ጥሪና የቤቱ ክፍል ጥሪ ከተለያዩ አምራቾች ስለሚወጡ አንዱን ሳታዩ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ፍሪጁና ማሞቂያውም በራሳቸው ተከታታይ ቁጥር የሚፈለግ ጥሪ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ ቁጥሮቹን ከየዕቃው ሰሌዳ ላይ ገልብጣችሁ ለየአምራቹ ደውሉ።